የቶራኪ እህት

ጠሃ ከጃፓንኛ የሚያውቀው ማስነጠስ ብቻ ነበር፤ እሱንም ቢሆን ጃፓኖች የሚያስነጥሱት እንደኛው ስለሆነ ነው። እንግሊዝኛውን ደግሞ ስምንተኛ ክፍል በር ላይ ጥሎት ሄዷል። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን አዳማ ፖስታ ቤቱ አካባቢ፣ «ፊልም እንጭናለን» የሚል ወረቀት በተለጠፈባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንቦና ማይክ ታቅፎ አንድ ረጅም የጃፓን ካርቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወደ አማርኛ መልሷል።

እንዴት አድርጎ? ቀላል ነው። ሰውየው አፉን ሲከፍት ጠሃ ይናገራል፤ ሲዘጋ ጠሃም ይዘጋል። ከሥር የሚሮጠውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለማንበብ መጀመሪያ ሞክሮ ነበር፤ ግን እሱ አንዱን መስመር ፊደል ለቅሞ እስኪጨርስ ባለ ጎራዴው ሦስት ሰው ገድሎ፣ ቀብሮ፣ እራቱን በልቶ ይጠብቀዋል። በመጨረሻ የሱቁን ስልክ ቁጥር ጽሑፉ ላይ ለጥፎበት ተገላገለ። ከዚያ ወዲያ ታሪኩ የጃፓኖቹ መሆኑ ቀረና የጠሃ ሆነ።

ካርቱኑ «የጨው ሐይቅ ጎራዴኛ» ይባላል። ቶራኪ የሚባል ጎራዴኛና ሚዙሬ የምትባል ጀልባ ቀዛፊ ልጅ አሉበት። ጃፓኖቹ ሲሠሩት ሁለቱ ፍቅረኛሞች ነበሩ። የሱቁ ባለቤት ጋሽ ገሠሠ የመጀመሪያውን ክፍል ሲያዩ ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስማ አንተ፣ ይሄን እኮ ሰው ከነልጆቹ ቁጭ ብሎ ነው የሚያየው። ይሄ መተቃቀፍ ምንድን ነው?»

«ይዋደዳሉ እኮ ጋሽዬ።»

«እንግዲያው እህትና ወንድም አድርጋቸው!»

ጠሃ አደረጋቸው። ቀለበት ሲያጠልቅላት «የእናታችን ነው፣ እንዳትጥዪው» አስባለው። በጨረቃ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ የአክስታቸውን መርዶ ሰምተው ነው አለ። ተቃቅፈው በታዩ ቁጥር አንዲት አክስት ትሞታለች፤ ካርቱኑ እስኪያልቅ ያ ቤተሰብ ስንት አክስት እንደቀበረ አላህ ይወቅ።

በመጨረሻው ክፍል ቶራኪ በጀልባ ወደ ጦርነት ሄዶ ቀርቷል። ጉም ውስጥ አንዲት ጀልባ ብቅ ትላለች፤ ሚዙሬ ዳር ቆማ እየሳቀች ታለቅሳለች። ጠሃ ምን እንደሆነ አልገባውም። የዚያን ቀን ግን ሆዱ ባብቶ ነበርና በቶራኪ ድምፅ እንዲህ አለ፦ «መጣሁ እህቴ። ውሃው ለቀቀኝ። እናታችንን ጥሪያት።»

አዳማ አበደች። ጀርባው ላይ ቶራኪ ያልተለጠፈበት ባጃጅ አንድ ብቻ ነበር ይባላል፤ እሱም ጀርባውን አይሱዙ ስለወሰደበት ነው።

ኢሕሳን ሱቁ የገባችው ነፋሱ ሥራ ላይ በነበረበት ቀን ነው። በዚያ ሳምንት ከአንድ ቤት የተነሣ ቆርቆሮ ወንጂ ድረስ ሄዶ ሸንኮራ ቆርጦ ተመለሰ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ቆርቆሮውን ጠይቆ ያረጋገጠ ግን የለም። ልጅቷ ሻርፗን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ፍላሽ ዘረጋችለት።

«የጨው ሐይቅን የመጨረሻ ክፍል ጫንልኝ።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው አለኝ። የመጨረሻው ነው የተበላሸው። እናቴ ጠዋትም ማታም ስለምታየው ስልኩ ራሱ የመረረው መሰለኝ።»

ጠሃ ቀና ብሎ አያት። ዓይኗ ትልቅ ነው፤ ከሥሩ ጠቆር ያለ፣ እንቅልፍ የሚያንሰው ዓይን። ቀልድ ሳይወረውር ሴት ልጅ ከሱቁ አስወጥቶ አያውቅምና ጉሮሮውን ጠርጎ በቶራኪ ድምፅ፣ «መጣሁ እህቴ። ውሃው ለቀቀኝ» አላት።

ልጅቷ ፈዘዘች። ጠሃ በልቡ «ገባት» አለ። እሱ ግን ምንም አልገባውም ነበር።

«አንተ ነህ?» አለች።

«እኔው ነኝ፣ በአካል።»

«ድገመው እስቲ።»

ደገመው። እንባዋ ዱብ አለ። የጠሃ ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ምን እንደሚያደርግበት አላወቀም።

ነገሩን የነገረችው ከቀናት በኋላ ጭማቂ ቤት ተቀምጠው ነው። ኢሕሳን የመቂ ልጅ ናት፤ አዳማ ኮሌጅ ሂሳብ አያያዝ ትማራለች። አባቷ ሞቷል። ታላቅ ወንድሟ አብዱልሃኪም የመቂን ሽንኩርት ሲጭን ኖሮ፣ አንድ ቀን «ሳዑዲ ደርሼ ቤት እሠራላችኋለሁ» ብሎ በጅቡቲ በኩል ወጣ። ከባሕሩ ዳር አንዴ ደወለ። ከዚያ በኋላ ከዚያው የተመለሰ የሠፈር ልጅ ጀልባው መገልበጡን አወራ።

«አየሁት ግን አላለም» አለች ኢሕሳን። «ሰማሁ ነው ያለው። ጎረቤት ድንኳን ሊተክል መጣ፤ እናቴ እንጨቱን ነቅላ መንገድ ላይ ጣለችው። ከዚያ ያንተን ካርቱን አየች። ‹አየሽ? እሱም ጠፍቶ ነበር፣ መጣ እኮ!› አለችኝ። የዚያን ቀን እህል ቀመሰች።»

ጠሃ ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ አዞረው፤ የሚዞር ነገር ግን አልነበረም፣ ጭማቂው አልቋል። ሊነግራት ነበር። ወላሂ ሊነግራት ነበር። አፉን ሲከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

«ቶራኪ ራሱ ስልክ አልነበረውም እኮ። ቢኖረው ይደውል ነበር።»

ሳቀች። መጀመሪያ የሳቀችው ያኔ ነው። ጠሃ ያንን ሳቅ ደግሞ ለመስማት ሲል ብቻ ከዚያ በኋላ ስንት ነገር ዋሸ! ወንጂ ወንዙ ውስጥ አንድ አዞ አማርኛ እንደሚሰማ፣ የነፋስ ማመንጫዎቹ ሲሽከረከሩ ከተማዋን ቀስ እያሉ ወደ ሞጆ እንደሚገፏት፣ ጋሽ ገሠሠ ጃፓን ውስጥ ሚስት እንዳላቸው። እሷ ሁሉንም ታዳምጥና፣ «ውሸታም» ትለዋለች፤ ስትለው ዓይኗ ግን እሱ ላይ ይቆያል። አንዳንዴ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ለጠሃ እንግዳ ነበር፤ ዝም ብሎ የተወደደበት ጊዜ ከዚያ በፊት አልነበረም።

እናም አንድ ከሰዓት በኋላ ደፈረ።

«ኢሕሳን፣ ሽማግሌ ልላክ?»

ሻርፗን ፈትታ አሰረች።

«እኔም እፈልጋለሁ። ግን አባት የለኝም፤ ወሊዬ ሆኖ የሚድረኝ ወንድሜ ነው።»

«አጎት አለኝ ብለሽኝ አልነበር? የሻሸመኔው?»

«አለ። ግን ጠሃ፣ አጎቴን ወሊ ሁነኝ ካልኩት ወንድሜ ሞቷል አልኩ ማለት ነው። ያንን እናቴ ፊት ቆሜ ልበል? እንጠብቀው። ይመጣል። አንተው ራስህ አይደለህም እንዴ ‹መጣሁ› ያልከው?»

እዚህ ላይ ነው ጠሃ የቆፈረው ጉድጓድ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ያየው። ላይመጣ የሚጠበቅ ሰው አለ፤ እንዲጠበቅ ያደረገው እሱ ነው፤ ያ ሰው ካልመጣ ደግሞ እሱ አያገባም። በራሱ አፍ በራሱ በር ላይ ቆልፎ ቁልፉን ባሕር ውስጥ ጥሎታል።

አሜሪካኖቹ የመጡት በዚህ መሃል ነው። ያንኑ ካርቱን በሰው ተዋናይ ሠርተው አወጡት። ፊልሙ በወጣ ማግስት አዳማ ውስጥ ያልደረሰበት ስልክ አልነበረም። የጠሃ ቴሌግራም ግሩፕ እንደ ፈላ ድስት ገነፈለ።

«ይሄ ነው ቶራኪ? የጂም አሠልጣኝ እኮ ነው!»

«ፀጉሩን አያችሁት? መወልወያ ገልብጠው ነው የጫኑበት።»

«ጎራዴው ፕላስቲክ ነው ወገን፣ ነፋስ ሲመታው ይታጠፋል።»

«ሐይቁ መዋኛ ገንዳ ነው። ዝዋይ መጥተው ቢቀርጹ ምን ነበረበት? ጉማሬውን በነፃ እንሰጣቸው ነበር።»

ይሄ ሁሉ ምንም አልነበረም። ጉዱ የመጣው አሜሪካዊው ቶራኪ ሚዙሬን አቅፎ ከንፈሯን ሲስማት ነው።

«እህቱን!!!»

አንድ ባጃጅ ነጂ ስልኩን ከግድግዳ አላትሞ ሰበረው፤ ከዚያ ቀሪውን ለማየት የጎረቤቱን ተዋሰ። ባጃጅ ተራው ላይ ሥራ ቆመ። ጋሽ ገሠሠ፣ ራሳቸው እህትና ወንድም አድርጋቸው ማለታቸውን ጭራሽ ረስተው፣ ሱቁ በር ላይ ቆመው ላላፊ አግዳሚው ይጮሃሉ፦ «ነውር የማያውቁ! የሰው ታሪክ ወስደው እንዲህ ያበላሻሉ?» ያገሩ ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ከብርድ ልብሱ ሥር አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ያውቃል፤ እሱም ወጥቶ አይናገርም።

ከሁሉ የተናደደችው ኢሕሳን ናት። በፊልሙ መጨረሻ ጀልባዋ ባዶዋን ነው የመጣችው።

«ገደሉት ጠሃ! ምን አድርጓቸው ነው? እህቱን አሳሙት፣ ከዚያ አሰጠሙት! እናቴ እንዳታይ ስልኳን ደብቄያለሁ።»

«ተያቸው ባክሽ። አሜሪካኖች እኮ ካልገደሉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።»

«አልተዋቸውም። ግሩፑ ‹እንግሊዝኛ ያንቺ ይሻላል› ብሎኛል። ማስታወቂያቸው ሥር እጽፍባቸዋለሁ። ዓለም ይየው!»

እፊቱ ተቀምጣ ጻፈች። የኢትዮጵያ ተመልካቾች ማዘናቸውን፣ ቶራኪና ሚዙሬ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን፣ ቶራኪም በሕይወት መመለሱን፣ ይህን ሐቅ መለወጥ ጃፓኖቹን መስደብ መሆኑን። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ታነብለታለች።

«ጥሩ ነው?»

ያኔ እጇን መያዝ ነበረበት። «አትላኪው» ማለት ብቻ ነበረበት። ጠሃ ግን ፊቷ ከወራት በኋላ በቁጣም ቢሆን ሲበራ አየና አንጀቱ እንቢ አለው።

«‹ሸንኮራ አንልክላችሁም› በይበት» አላት።

እየሳቀች ላከችው።

ዓለም አየው። ከብራዚል ሳቁ፣ ከሕንድ ሳቁ፣ ከናይጄሪያ «እህቴ፣ ምን አጭሰሽ ነው ያየሽው?» አሉ። በቀልዱ ክምር መሃል ግን አንዲት ጃፓናዊት በትሕትና መለሰችላት። እህትና ወንድም አይደሉም፣ ከመጀመሪያውም ፍቅረኛሞች ናቸው፤ ቶራኪ ሰጥሟል፣ ሚዙሬ የምትስቀው በሐዘን አእምሮዋን ስታ ነው፤ አሜሪካኖቹ ሌላውን ሁሉ ቢያበላሹም ይህን በትክክል ነው የሠሩት፤ ምናልባት እርስዎ ያዩት ሌላ ካርቱን ይሆን?

ኢሕሳን መልሳ አልጻፈችም። ዋናውን ካርቱን ስልክ ቁጥር ሳይለጠፍበት ፈልጋ አገኘች። ቁጭ ብላ አየችው። የሞተ አክስት አልነበረም።

ሱቁ ስትገባ ጠሃ ከፊቷ አወቀ። ጋሽ ገሠሠ እንኳ ነገሩ ሸቷቸው «ሻይ ልጠጣ» ብለው ወጡ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለችው።

«ማን?»

«ቶራኪ። መጨረሻ ላይ። ምን ይላል?»

«… ምንም አይልም።»

«የለም እኮ! ጀልባው ላይ ሰው የለም! አንተ ማንን ነው ያናገርከው?»

«ኢሕሳን፣ እኔ እንግሊዝኛው… ሥራ ነው ብዬ… ሰው እንዲደሰት…»

«ጭማቂ ቤት ነገርኩህ። ስለ ወንድሜ ሁሉን ነገርኩህ። ለምን ያኔ ዝም አልክ?»

«ሳቅሽ። ስትስቂ ጊዜ አቃተኝ።»

ጠሃ ጥፊ ጠብቆ ነበር፤ ጥፊ ቢሆን ይሻለው ነበር። እሷ ግን በርጩማውን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ክፈተው። የመጨረሻውን ክፍል እንደገና እንሠራዋለን። እናቴ የሠፈር ሰው ቢነግራት አላመነች፤ ሼኩ ቢመክሯት አላመነች፤ እኔን አታምነኝም። ያንተን ድምፅ ነው የምታምነው። ስለዚህ አንተ ትነግራታለህ።»

«እህትና ወንድምነቱስ?»

በርጩማዋን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች።

«እህቱ ትሁን። እሱን አትንካው። ግን አይምጣ።»

ጠሃ በዕድሜው የመጀመሪያውን እውነተኛ ትርጉም ሠራ። እሷ ከእንግሊዝኛው ታነብለታለች፤ እሱ ይደግማል። «ጀልባው መጣ። ሰው የለበትም። ወንድሜ ውሃው ውስጥ ቀርቷል። አልጠራውም፤ ዱዓ አደርግለታለሁ።» ዱዓው ጃፓንኛው ውስጥ አልነበረም፤ ኢሕሳን ናት የጨመረችው። ድምፁ ሁለቴ ተሰበረበት። ሁለቴም «እንደገና» አለችው፤ ፊቷን ወደ ስክሪኑ እንዳዞረች፣ እሱን ሳታይ።

ፍላሹን ነቅላ ሄደች።

ዓርብ ቀን ጠሃ ድንኳን መተከሉን ሰምቶ ሳይጠራ መቂ ሄደ። ከሽንኩርት መጫኛው አለፍ ብሎ፣ ቲማቲም የተቆለለበት ሜዳ ጥግ ላይ ድንኳኑ ተተክሏል። ወይዘሮ ዙህራ፣ የኢሕሳን እናት፣ ክፍሉን እስከ መጨረሻው አይተው፣ ስልኩን ዘግተው፣ «እንግዲያው ስገዱለት» ብለው ነበር። አስከሬኑ ላልተገኘ ሰው የሚሰገደው ሶላት ሊሰገድ ነው። ጠሃ የኋላው ሰልፍ ላይ ቆመ። ፊት ለፊታቸው ምንም አልነበረም፤ ቃሬዛ የለ፣ ከፈን የለ፣ ምንጣፍና የድንኳን ሸራ ብቻ። በዚያ ባዶ ፊት ያገር ወንድ ተሰልፎ ቆመ። ጠሃ ይህን ሰው አያውቀውም፤ ግን አንድ ዓመት ሙሉ በድምፁ ተናግሮለታል።

ሲያበቃ ከቤቱ በኩል ተጠራ። ወይዘሮ ዙህራ ደጃፉ ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል።

«አላህ ያጽናዎት እማማ» አላቸው፣ አንገቱን ደፍቶ።

ድምፁን ሲሰሙ ቀና አሉ።

«አንተ ነህ?»

ራሱን ነቀነቀ። ይረግሙኛል ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን እጁን ጎትተው መዳፉን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አንድ ዓመት አቆየህልኝ ልጄን። ውሃው ከወሰደው በኋላ አንድ ዓመት ቤቴ ውስጥ አኖርክልኝ። ውሸት ነበር? ይሁን። አላህ ይስጥህ።»

ምርቃቱ ከእርግማን ከበደው። ተነሥቶ ሲወጣ ኢሕሳን ከጓሮ ተከትላው መጣች፤ ዓይኗ ከሥሩ ይብስ ጠቁሯል።

«አጎቴ ከሻሸመኔ መጥቷል። እኔንም እናቴንም ይዞን ሊሄድ ነው።»

ጠሃ አንድ የቀረችውን ተስፋ አወጣት። «እንግዲህ… ወሊሽ እሱ ነው። ሽማግሌ ልላክበት። እማማ ይቅር ብለውኛል።»

«እናቴ ይቅር ብላሃለች።»

«አንቺስ?»

«እኔም ሳልልህ አልቀርም፣ አንድ ቀን። እሱ አይደለም ችግሩ።» ከድንኳኑ የቁርአን ድምፅ ይሰማል። «ጠሃ፣ ሴትን ባሏ ከሥራ ሲመለስ ምን ይላታል? በር ላይ ሆኖ ‹መጣሁ› ይላታል። አንተ ባልከኝ ቁጥር እኔ ወንድሜ መጣ ብዬ በሩን ልመለከት ነው? ዕድሜ ልኬን፣ በየማታው?»

«አልለውም። ዝም ብዬ እገባለሁ። ወላሂ ኢሕሳን፣ ሁለተኛ —»

«አትናገር!» ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች፤ ጩኸት አልነበረም፣ ልመና ነበር። «በአላህ፣ አትናገር። እወድሃለሁ፤ ግን ስትናገር የምሰማው እሱን ነው። ዝም ብለህ ሂድልኝ።»

ቀልድ የማይነጥፍበት ሰው አፉን ገጠመ። አያት፤ አየችው። ያ ዝምታ እንደ በፊቱ አልነበረም፤ እንደ በፊቱ ግን ረጅም ነበር። ከዚያ ወደ አስፋልቱ ሄደ።

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀመጠ። መኪናው ከተማውን ጨርሶ ወደ ሽንኩርት እርሻዎቹ ከመዞሩ በፊት ረዳቱ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ዞሮ ጮኸ።

«ወራጅ አለ?»

አለ ሊል ነበር። ሊወርድ፣ ሊመለስ፣ ምንም ሳይናገር ዕድሜውን ሙሉ ደጃፏ ላይ ሊቀመጥ። አፉን ከፈተ። ድምፁ አልመጣም።

«የለም፣ ንዳው!» አለ ረዳቱ፣ በሩንም ገፍቶ ዘጋው።